ከባንድ ወጥቶ በራስ ስም መሥራት፦ ከመድረኩ በፊት የሚያልቁ ጉዳዮች

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለዓመታት በአንድ ኢንዲ ሮክ ባንድ ጊታር ተጫውቻለሁ። አጃቢ ድምፅም እዘፍን ነበር። አሁን በራሴ ስም እሠራለሁ። ከባንድ መውጣት ያሰቡ ልጆች፣ በተለይ እዚህ አሜሪካ ያደጉ የእኛ ልጆች፣ ሲያገኙኝ "እንዴት ደፈርሽ?" ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። "ዘፈኖቹ የማን ናቸው?" ብዙዎቹ ይህን አስበውት አያውቁም። ድፍረቱ ቀላሉ ክፍል ነው። አንድ ቀን ተነስቶ "ወጥቻለሁ" ማለት ይቻላል። አብራችሁ የጻፋችሁት ዘፈን፣ አብራችሁ የገዛችሁት ስፒከር፣ የባንዱ ስምና የባንዱ ዕዳ ግን እዚያው ቁጭ ብለው ይጠብቋችኋል።

የወጣሁበትን ምክንያት ባጭሩ ልናገር። ከባንዱ ልጆች ጋር አልተጣላንም። በአማርኛ የምጽፋቸው ዘፈኖች እየበዙ መጡ። ልጆቹ ቅን ናቸው፤ ለመሞከር ፈቃደኞች ነበሩ። ያስቸገረን ቋንቋው ሳይሆን ቅኝቱ ነው። ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን አንዱን፣ አንቺሆዬን፣ ውሰዱ። ከዶ ከተነሳን ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል ቢሞል እና ላ ናቸው (ቢሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ንጹሕ ሶል የለም። ጮክ ያለ የሮክ ጊታር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በዶና በሶል ላይ ነው፤ ፓወር ኮርድ የሚባለው እሱ ነው። ሁለት ጊታር ከነዲስቶርሽኑ፣ ከነሻካራ ድምፁ፣ ዶና ሶልን ሲመታ አንቺሆዬ ይጠፋል። የሚቀረው አማርኛ ግጥም ያለው ተራ ሮክ ነው። ትዝታ ሜጀር ላይ ይህ ችግር የለም። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ከብዙ የሮክ ኮርድ ጋር ይስማማል። ስለዚህ ባንዱ ውስጥ የሚያልፉልኝ የትዝታ ዘፈኖች ብቻ ሆኑ። የአንቺሆዬና የአምባሰል ዜማዎቼ ስልኬ ውስጥ ተከማቹ። እነሱ ቀለል ያለ፣ ክፍት ቦታ ያለው አጃቢ ይፈልጋሉ። ያንን ለማግኘት ባንዱን ሌላ ባንድ ማድረግ ነበረብኝ፤ ያ ደግሞ የእኔ መብት አይደለም።

የእናንተ ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል። ግን በሙዚቃ ቋንቋ ሊነገር የሚችል ምክንያት ካላችሁ እሱን ፈልጋችሁ አግኙት። "አንተ ሁልጊዜ ልምምድ ላይ ትዘገያለህ" ብሎ መውጣትና "ይህ ዜማ በሁለት ጊታር አይሆንም" ብሎ መውጣት ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ሁለተኛው ማንንም አያስቀይምም።

ነገሩን መጀመሪያ የሰሙት የባንዱ ልጆች ናቸው። ለሌላ ጓደኛ አልነገርኩም፤ ፌስቡክ ላይም ፍንጭ አልጣልኩም። ለአንዱ ቀድሜ ነግሬ ሌላው ከእሱ እንዲሰማም አልፈለግኩም። ከልምምድ በኋላ ሁላችንም አንድ ላይ ሆነን ነገርኳቸው። በዚያው ቀን ያልኩት ሌላው ነገር የተያዙትን ሾዎች በሙሉ እንደምጫወት ነው። ይህ ትልቅ እፎይታ ሰጣቸው። አዲስ ጊታሪስት ለመፈለግ ጊዜ አገኙ። እኔም የመጨረሻዎቹን ሾዎች በደንብ ተጫውቼ ወጣሁ።

ቀጥሎ ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ሰው ገና እየተዋደደ ሳለ የሚደረግ ንግግር ነው። የባንድ ንብረት እንደ ውርስ ነው፤ ወንድማማቾች የሚጣሉት በትልቁ ቤት ብቻ ሳይሆን በትንሿ ሰፌድም ነው። እኛም ዘፈኖቹን ስንካፈል ተስማምተን አንድ አሮጌ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ላይ ረጅም ሰዓት አወራን።

ዘፈኖቹን በተመለከተ መጀመሪያ መለየት ያለበት ነገር አለ። አንድ የተቀዳ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት አለ። አንዱ ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሌላው ቀረጻው ነው፤ ማስተር የሚሉት። የድርሰቱ ባለቤትና የማስተሩ ባለቤት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በአሜሪካ ሕግ ሰዎች አብረው የጻፉት ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የሁሉም በእኩል ድርሻ ነው። "ግጥሙን በሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ድልድዩን፣ የመሸጋገሪያውን ክፍል፣ ብቻ ነው ያመጣው" የሚለው ክርክር ያለ ወረቀት ብዙ አያራምድም። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ባለድርሻ ሌላውን ሳያስፈቅድ ለሌላ ሰው ተራ ፈቃድ መስጠት ይችላል። ብቸኛ ፈቃድ ግን ብቻውን አይሰጥም። ካገኘውም ገንዘብ ለሌሎቹ ድርሻቸውን የመክፈል ግዴታ አለበት። ይህን ስታውቁ ለምን አስቀድሞ መነጋገር እንደሚያስፈልግ ይገባችኋል። ነገ አንድ ማስታወቂያ የድሮ ዘፈናችሁን ቢፈልግ ማን ነው እሺ የሚለው?

እኛ የተስማማነው እንዲህ ነው። ባንዱ ቀድቶ ያወጣቸው ዘፈኖች በሙሉ፣ ማን ምን አመጣ ሳይባል፣ የአራታችን እኩል ናቸው። ልምምድ ላይ የሞከርናቸው ግን ያልቀዳናቸው፣ ግጥምና ዜማቸውን ጨርሼ ያመጣኋቸው ዘፈኖች ከእኔ ጋር ይወጣሉ። ሌላው ያመጣው ሪፍ (የሚደጋገም አጭር የጊታር ዜማ) ያለበት ግማሽ ዘፈን ደግሞ ሪፉ ለባለቤቱ፣ ግጥሙ ለእኔ ሆኖ ተለያየ። እያንዳንዱን በስሙ ጻፍነው። ሁላችንም ፈረምን። ጠበቃ አልያዝንም። ትልቅ ገንዘብ የሚያስገባ ባንድ ውስጥ ከሆናችሁ ግን ጠበቃ መያዝ ተገቢ ነው።

የባንዱ ስም እዚያው ከባንዱ ጋር ቀረ። ፖስተር ላይ "የቀድሞ አባል" ብዬ ከስሜ በታች በትንሽ ፊደል መጻፍ እንደምችል ተስማማን። የኢሜል ዝርዝሩ የባንዱ ነው። ሰዎቹ አድራሻቸውን የሰጡት ለባንዱ ነውና እኔ ገልብጬ አልወሰድኩትም። እነሱ ግን ለዝርዝሩ ሰዎች ስለ እኔ አንድ መልእክት ላኩልኝ፤ ከነአዲሱ ገጼ። ዕዳም ነበረን። ቪኒል (ሸክላ) ስናሳትም አንዱ ልጅ ከኪሱ አውጥቶ ነበር። የእኔን ድርሻ ከፈልኩ። እዚህ አገር ትርፍና ኪሳራ የሚካፈል ባንድ ምንም ወረቀት ባይፈራረምም በአብዛኛው እንደ ሽርክና ይቆጠራል። ሽርክና ከሆነ ዕዳውም የጋራ ነው። ዝም ብሎ መሄድ ከዕዳ ነፃ አያወጣም።

ዲሲ በእጅ መጨባበጥ መሥራትን የምታከብር ከተማ ናት። በ1980 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን የመሠረቱት የሙዚቃ አሳታሚ ዲስኮርድ ሬኮርድስ ከባንዶቹ ጋር ያለ ውል በመሥራት የታወቀ ነው። እኔም በዚያ መንፈስ ነው ያደግኩት፤ እወደዋለሁም። ግን መጨባበጥ የሚያዋጣው ሂሳቡ ለሁሉም ግልጽ ሲሆን ነው። ብዙ ትንንሽ ባንዶች መጨባበጡን ይይዙና ሂሳቡን ይተዉታል።

አንድ የምጠየቀው ነገር ደግሞ አለ። ከወጣሁ በኋላ የባንዱን ዘፈን መጫወት እችላለሁ ወይ? መድረክ ላይ ትችላላችሁ። ክለቦቹ ለደራሲዎች ገንዘብ ከሚሰበስቡት ድርጅቶች ጋር በአብዛኛው ፈቃድ አላቸው፤ ፈቃዱን ማውጣትም በተለምዶ የእነሱ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ በይፋ የወጣን ዘፈን እንደገና ቀድቶ ማውጣትም ይቻላል። ሕጉ ለዚህ አስገዳጅ ፈቃድ አለው፤ የተወሰነው ዋጋ ከተከፈለ ባለቤቱ መከልከል አይችልም ማለት ነው። በ2025 ከአምስት ደቂቃ ለማይበልጥ ዘፈን በአንድ ሲዲ ወይም ዳውንሎድ የሚከፈለው 12.7 ሳንቲም ነበር። እኔ ጥቂት የድሮ ዘፈኖቻችንን አሁንም እጫወታለሁ። ሰዎች ሲያውቁት ደስ ይላቸዋል።

አሁን ወደ ምዝገባው ልምጣ። ባንድ ውስጥ ሳለን ይህን ሁሉ የሚሠራው ድራመራችን ነበር። እሱ ፎርም ሲሞላ እኛ ፒዛ እንበላ ነበር። ብቻችሁን ስትሆኑ ፎርሙ የእናንተ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ሦስት ቦታ ተመዝገቡ። አንደኛው ዘፈናችሁ በሬዲዮ፣ በክለብና በመድረክ ሲቀርብ ለደራሲው የሚሰበስብ ነው፤ አስካፕ ወይም ቢኤምአይ። እንደ ደራሲ በአንድ ጊዜ መሆን የምትችሉት የአንዱ አባል ብቻ ነው። ሁለተኛው ከ2021 ጀምሮ የሚሠራው ኤምኤልሲ ነው። ስፖቲፋይና አፕል ሙዚክን የመሳሰሉት አሜሪካ ውስጥ ለድርሰቱ የሚከፍሉትን የሜካኒካል ሮያሊቲ፣ ማለትም ድርሰቱ ሲባዛ ለደራሲው የሚገባውን ክፍያ፣ ይሰበስባል። ሦስተኛው ሳውንድኤክስቼንጅ ነው። ሲሪየስኤክስኤምና ፓንዶራን የመሰሉ የዲጂታል ሬዲዮዎች ለቀረጻው የሚከፍሉትን ያከፋፍላል። አከፋፈሉ 50 በመቶ ለማስተሩ ባለቤት፣ 45 በመቶ ለዋናው አርቲስት፣ 5 በመቶ ለአጃቢ ሙዚቀኞች ነው። ሶሎ ሆናችሁ ማስተሩም የራሳችሁ ከሆነ ሁለቱም ድርሻ ወደ እናንተ ይመጣል። ግን በሁለቱም መመዝገብ አለባችሁ፤ እንደ አርቲስትም፣ እንደ ባለቤትም። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ሞልቶ ይተዋል። ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይ የሚያደርስላችሁ አከፋፋይ ይህን ሁሉ ያደርግልኛል ብላችሁ አታስቡ። ብዙውን ጊዜ እሱ የሚያመጣላችሁ የማስተሩን የስትሪሚንግ ገንዘብ ነው።

ስለ ስትሪሚንግ ገንዘብ ሰፋ ያለ ተስፋ አልሰጣችሁም። ከ2024 ጀምሮ ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ካልተደመጠ ክፍያ ውስጥ አይገባም። ለጀማሪ ይህ ከባድ ነው፤ ፍትሐዊም አይመስለኝም። አድማጭ ከአርቲስቱ በቀጥታ የሚገዛበት ባንድካምፕ ግን ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ከዕቃ ሽያጭ 10 በመቶ ነው የሚወስደው፤ የክፍያ ማስተላለፊያው ለብቻው ነው። ጥቂት እውነተኛ ወዳጆች ያሉት ሰው ከብዙ ሺህ ስትሪም ይልቅ እዚያ የተሻለ ያገኛል።

ኢትዮጵያ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ ደግሞ መሠረታዊው ነገር ተመሳሳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ872/2007 ከተሻሻለው ጋር (እነዚህ ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)፣ የደራሲን መብት እና የከዋኝንና የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጅን መብት ለይቶ ያስቀምጣል። የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። አዲስ አበባ ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር በተለያየ ሰው መሠራቱ የተለመደ ስለሆነ በወረቀት መለየቱ እንዲያውም ይበልጥ ያስፈልጋል።

ወደ መድረኩ ልግባ። የእኔ ነገር በአብዛኛው ያለው ናይንዝ ስትሪትና ዩ ስትሪት አካባቢ ነው። ዲሲ9 የሚባለው ክለብ ከሐበሻ ሬስቶራንቶቹ ጥቂት እርምጃ ይርቃል። በአንድ መንገድ ላይ አንዱ በር ሮክ ነው፤ ሌላው በር ክትፎ ነው። ሁለቱንም ተመላልሼባቸዋለሁ፤ ሁለቱም የተለያየ ነገር አስተምረውኛል።

ብቻችሁን ስትወጡ የመጀመሪያው ድንጋጤ ድምፅ ነው። ባንድ ውስጥ ጊታር ሲያቆም ቤዙ አለ፤ ቤዙ ሲያቆም ድራሙ አለ። ብቻችሁን ስትሆኑ እጃችሁ ሲያቆም ሁሉ ነገር ያቆማል። ለዚህ ብዙ ሰው የሚሄደው ወደ ሎፕ ፔዳል ነው፤ የተጫወታችሁትን ቀድቶ የሚደጋግም መሣሪያ። እኔም አለኝ፤ ግን በጣም ትንሽ ነው የምጠቀመው። ሎፕ አንዴ ከተያዘ ፍጥነቱን ያስራል። የአማርኛ ግጥም ደግሞ አንዳንድ ስንኝ ላይ ጠበቅ፣ አንዳንዱ ላይ ላላ ማለት ይፈልጋል። ይልቅ የቀኝ እጄን አሠለጠንኩ። አውራ ጣቴ የቤዙን መስመር ይይዛል፤ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ይከተላሉ። ስድስተኛውን ክር ከሚ ወደ ሬ ዝቅ አደርጋለሁ። ያ የታችኛውን ድምፅ ይሞላዋል፤ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ እንዳይሰማ ይረዳል። ኪውንም፣ የምዘፍንበትን የድምፅ ከፍታ፣ ዝቅ አደረግኩ። ከድራም በላይ ለመሰማት ስጮህ የኖርኩበት ድምፅ ብቻዬን ስሆን ሰው ያስጨንቃል።

ሌላው ግጥሙ ነው። በባንድ ጊዜ ግማሹ ቃል በዲስቶርሽን ውስጥ ይቀበር ነበር። አሁን እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። ለማሟያ ያስገባኋቸው ቃላት ሁሉ ራቁታቸውን ቆሙ። ስለዚህ ዘፈኖቼን ከማቀናበሬ በፊት ግጥማቸውን ብቻ ለአንድ ግጥም ለሚወድ ሰው አነብባለሁ። ሰምና ወርቅ አልፈልግም፤ ግን ቃሉ ቦታው ላይ መቀመጡን ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህን እንድታደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ።

ትንንሽ ነገሮችም አሉ። ለሳውንድ ማኑ ምን ምን መስመር እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ላኩ፤ አንድ ማይክ፣ አንድ ዲአይ (ጊታሩን ከድምፅ ሲስተሙ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን)፣ አንድ ሞኒተር (ራሳችሁን የምትሰሙበት ስፒከር) ከሆነ ያንኑ። ክር ሲበጠስ መድረኩን የሚሞላላችሁ ሰው ስለሌለ ሁለተኛ ጊታር ይኑራችሁ። ጊታር ስትቃኙ የምትናገሩትን ቀድማችሁ አስቡበት።

ሬስቶራንት ውስጥ መጫወት የሚንቁ የሮክ ልጆች አሉ። እኔ አልንቅም። ሮክ ክለቡ ከበር ገቢ ይከፍላል፤ አንዳንድ ቀን ታክሲ እንኳ አይሸፍንም። ሬስቶራንቱ ቁርጥ ዋጋ ይከፍላል፤ በምትኩ ረጅም ሰዓትና የድሮ ዘፈን ይፈልጋል። ጋሼ የምለው አንድ የኪቦርድ ተጫዋች እንዲህ አለኝ። "ስሚ ልጄ፣ ሰው እየበላ ነው። እንዲሰማሽ አታስገድጂው። ሲሰማሽ ግን ታውቂዋለሽ፤ ያን ጊዜ የራስሽን አንድ ዘፈን ጣል አድርጊ።" እንደዚያው አደርጋለሁ። አንቺሆዬ ላይ የሠራሁት ዘፈን መጀመሪያ ወዳጅ ያገኘው ከሮክ ክለብ ሳይሆን ከዚያ ጠረጴዛ ነው።

ስለ ባንድና ሶሎ ሲነሳ እዚህ ከተማ ውስጥ የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 ወደ አሜሪካ መጣ። ከጉዞው በኋላ ገሚሱ ወደ አገር ተመለሰ፤ እሱ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና ከድራም ማሽን ጋር አድርጎ፣ ሁሉንም ራሱ እየተጫወተ አንድ ካሴት ቀዳ። በኋላ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱ መኪናው ውስጥ ነበር፤ ደንበኛ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። በ2013 ያ ካሴት ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በሚባል የሙዚቃ አሳታሚ እንደገና ወጣ። ዓለም ዞሮ መጫወት ጀመረ፤ በ2018 ከ70 ዓመት በላይ ሆኖ አዲስ አልበም አወጣ። እኔ ከዚህ የያዝኩት በጣም ተግባራዊ ነገር ነው። ከባንዱ ጉዞ በኋላ በራሱ ስም ሥራ ቀድቶ አስቀመጠ። ስለዚህ እናንተም ሙሉ አልበም እስኪደርስ አትጠብቁ። በራሳችሁ ስም የሆነ ነገር ቅዱ፤ ትንሽም ቢሆን።

የሚከብደው ሌላኛው ነገር ብቸኝነቱ ነው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። እናቴ ስነግራት "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?" አለችኝ። ልክ ናት። ከሾው በኋላ መኪና ውስጥ አብሮ የሚስቅ ሰው የለም። መጥፎ ምሽት ሲሆን በአራት አይከፈልም። እኔ ያደረግኩት ከሌላ ብቻዋን ከምትሠራ ዘፋኝ ጋር መደራረስ ነው። አዲስ ዘፈን ስንጨርስ ቀድመን የምናሰማው እርስ በርሳችን ነው። ሾው ስንይዝም አንዳችን ለሌላችን መክፈቻ እንሆናለን። ሶሎ መሆን ማለት የሥራው ውሳኔ የአንድ ሰው መሆን ነው እንጂ ሰው አለመኖር አይደለም።

ስቱዲዮ ስገባ ሙዚቀኛ እቀጥራለሁ። ማንም ከስቱዲዮ ሳይወጣ የድርሻ ወረቀት እንሞላለን። በወረቀቱ ላይ የዘፈኑ ስም፣ ቀኑ፣ የእያንዳንዱ ሰው ሕጋዊ ስም፣ የአስካፕ ወይም የቢኤምአይ አባልነቱ፣ ከግጥምና ከዜማ ያለው በመቶኛ ድርሻ፣ ከማስተሩ ያለው ድርሻ፣ የተከፈለው ገንዘብ እና ፊርማ ይኖራል። ተከፍሎት ብቻ የተጫወተ ከሆነ ድርሻው ዜሮ ተብሎ ይጻፋል፤ ባዶ አይተውም። ዜማ ካዋጣ ደግሞ ምን እንዳዋጣ እዚያው ተነጋግረን ቁጥሩን እናስቀምጣለን። አሁን በጀመርኩት ቀረጻ ላይ ድራም የሚመታው የድሮው ድራመራችን ነው። በቀን ይከፈለዋል፤ በአንዱ ዘፈን ላይ ግን ያመጣው ምት ዜማውን ስለቀየረው ከድርሰቱ ድርሻ አለው። ወረቀቱን የሞላውም እሱ ነው፤ ፎርም መሙላት ከእኔ የተሻለ ያውቃል።